የኳስ ሜዳ ፎቶ፦ ጀማሪው ምን ይግዛ? እንዴትስ ያንሳ?

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የሚደርስ መንገደኛ፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ከሆነ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ሳያይ አያልፍም። መንገዱን ተከትሎ ወደ አምባሰል ወረዳ ቢዘልቅ ውጫሌ ላይም የሚያየው ያንኑ ነው። በትምህርት ቤቶች መካከል፣ በቀበሌዎች መካከል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ በየሰፈሩ ልጆች መካከል ውድድር ይካሄዳል። ታዲያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሜዳው ጠርዝ ከተመልካቹና ከቆሎ ሻጩ ሌላ አንድ ሰው ተጨምሯል፤ ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት።

ይህ ወጣት ካሜራውን የገዛው ብዙውን ጊዜ በደረሰው ዕቁብ ወይም እህቱ ከዓረብ አገር በላከችለት ገንዘብ ነው። ዋና ዓላማው ሠርግና ምርቃት ማንሳት ሲሆን ወደ ኳስ ሜዳ የሚወጣው በአንድ በኩል ስሙን ለማስተዋወቅ፣ በሌላ በኩል የዕለት ገቢ ለማግኘት ነው። ይሁንና ያነሳቸውን ፎቶዎች ለተጫዋቾቹ ሲያሳይ እግራቸው የተድበሰበሰ፣ ፊታቸው የጠቆረ፣ ኳሷም እንደ ጭራ የተጎተተች ሆና ይገኛል። ተጫዋቹ አይቶ ያልፋል፤ አይገዛም። ሁለትና ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ካለፈ በኋላ ካሜራው ከተገዛበት ዋጋ በታች ለሽያጭ ይቀርባል። የዕቁቡ ገንዘብም በዚሁ ተበልቶ ይቀራል። እኛ እንደምናምነው ከእነዚህ ኪሳራዎች አብዛኞቹ ከካሜራው ርካሽነት የመጡ አይደሉም። ካሜራው ከሱቅ እንደወጣ በራሱ እንዲወስን ስለተተወ የመጡ ናቸው።

ስልክ በሞላበት ዘመን ማን ፎቶ ይገዛል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ከሜዳው ጠርዝ በስልክ የተነሳ አንድ የኳስ ፎቶ ማየት ይበቃል። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ቦታ እንዲያሳይ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ 30 ሜትር ርቆ ያለ ተጫዋች ጉንዳን አክሎ ይታያል። በጣት አስፍተው ሊያቀርቡት ቢሞክሩ ምስሉ ይፈራርሳል። እንግዲህ ገዥው ገንዘብ የሚያወጣው ስልኩ ሊሰጠው ላልቻለው ነገር ነው፤ እርሱም ቅርበትና ጥራት ነው። ቅርበቱ ከሌንስ፣ ጥራቱ ደግሞ ከሹተር ፍጥነት ይገኛል።

በመጀመሪያ ስለ ሌንስ እንመልከት። ለጀማሪ የሚሸጡት ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሌንስ ይዘው ይመጣሉ። ይህ ሌንስ ለሠርግና ለቤተሰብ ፎቶ ይበቃል። ለኳስ ግን አይሆንም። በ55 ሚሊ ሜትር አንድ ተጫዋች ከእግር እስከ ራሱ ፍሬሙን እንዲሞላው ከእርስዎ ከ7 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ላይ መገኘት አለበት። በ250 ሚሊ ሜትር ግን 30 ሜትር ያህል ርቆ እያለ ፍሬሙን ይሞላል። የሜዳ ርዝመት ለኢንተርናሽናል ውድድር ከ100 እስከ 110 ሜትር መሆኑን ስናስብ፣ ባለ 250 ሌንስ የያዘ ሰው ከጎል መስመር አጠገብ ቆሞ የፍፁም ቅጣት ምት ክልሉንና ከዚያ አለፍ ያለውን ቦታ ሁሉ ያገኛል ማለት ነው። ለጀማሪ ይህ ይበቃዋል።

በዚህ ረገድ የካኖን ከ55 እስከ 250 እና የኒኮን ከ70 እስከ 300 ሌንሶች የተለመዱ ናቸው። የካኖን ከ75 እስከ 300 የሚባለውም በርካሽ ይገኛል። ነገር ግን ፎከስ ለመያዝ ዝግ ያለ ስለሆነ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ሻጩ «ይኼ እኮ ማረጋጊያ አለው፣ ፎቶ አያደበዝዝም» ሲል ደግሞ በግማሽ ልብ ይስሙት። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የፎቶ አንሺውን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አይደለም።

ከገበያው ምን ይመረጣል?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ካሜራ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነው። በመሆኑም አዲስ ካሜራ ለጀማሪው እየራቀ፣ ያገለገለ ካሜራ ገበያው እየደራ መጥቷል። ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ከዓረብ አገር ተመላሾች ሻንጣም ይወጣል።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ በቅድሚያ የሚታየው የሜጋፒክሰሉ ብዛት አይደለም። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ ጥሩ ሆኖ ለመታተም 2 ሜጋፒክሰል ያህል ይበቃዋል። 18 ሜጋፒክሰል ያለው ካሜራ ካነሳው ምስል ላይ ከወርዱም ከቁመቱም አንድ ሦስተኛውን ብቻ ቆርጠው ቢያስቀሩ እንኳ ለዚሁ መጠን የሚሆን ፎቶ ይቀርዎታል። ስለዚህ 18 እና 24 በሚል ልዩነት ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ለኳስ ፎቶ ትርፍ የለውም።

ይልቅስ ካሜራው በሴኮንድ ስንት ፍሬም ያነሳል? ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ካኖን 2000ዲ በሴኮንድ 3 ፍሬም ሲያነሳ፣ ከእርሱ በፊት በ2009 የወጣው ካኖን 7ዲ ግን 8፣ በ2013 የወጣው 70ዲ ደግሞ 7 ያነሳል። ከኒኮን በኩል ዲ3200 በሴኮንድ 4፣ ዲ7000 ደግሞ 6 ያነሳሉ። እንግዲህ የቆየው ካሜራ ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። የቆየ ሲገዙ ታዲያ ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተና እንደተዘጋ ማጣራት ያስፈልጋል። ካኖን ለ70ዲ ሹተር 100,000 ጊዜ፣ ለ7ዲ 150,000 ጊዜ ብሎ ገምቷል። ቁጥሩን በኮምፒዩተር የሚያነብ ፕሮግራም ስላለ ሻጩ ለማሳየት ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ ሳይነገር አይታለፍም። የኒኮን ዲ3200 እና መሰሎቹ በውስጣቸው ፎከስ የሚያዞር ሞተር የላቸውም። በመሆኑም የቆየ የኒኮን ሌንስ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛ ሰው ሌንሱ ካሜራው ላይ ቢገጠምለትም ፎከሱን በእጁ እያዞረ ሊያነሳ ነው። በሚሮጥ ልጅ ላይ ደግሞ ይህ ለጀማሪ የሚሞከር አይደለም። ሌንሱን ከራስዎ ካሜራ ጋር ገጥመው፣ ከሱቁ በር ላይ ቆመው፣ የሚያልፉ ባጃጆችን አንስተው ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። በተጨማሪም ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስተው ውስጡን ይመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው።

ሹተሩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ሹተር በካሜራው ውስጥ ተከፍቶ የሚዘጋ መጋረጃ ነው። ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ቅጽበት ፊት ለፊቱ የተንቀሳቀሰው ነገር ሁሉ ተጎትቶ ይቀረጻል። በሴኮንድ 7 ሜትር የሚሮጥ ልጅ፣ ሹተሩ 1/125 ሴኮንድ ሲከፈት 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ፊቱ አይለይም ማለት ነው። በ1/1000 ሴኮንድ ግን የሚሄደው 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኳሷን እንይ። በሴኮንድ 25 ሜትር የምትበር ኳስ በ1/125 ሴኮንድ 20 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ ይህም የራሷን ውፍረት ያህል ነው። በፎቶው ላይ እንደ ዱባ የምትረዝመው ለዚህ ነው። በ1/1000 ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለምትሄድ ክብ ሆና ትቀራለች።

ካሜራው በአረንጓዴው «አውቶ» ላይ ሲሆን ፊት ለፊቱ ያለው ሰው የቆመ ይሁን የሚሮጥ አያውቅም። ብርሃኑ ትንሽ ሲቀንስ ሹተሩን ወደ 1/125 እና ከዚያም በታች ያወርደዋል። በመሆኑም ጀማሪው ከ«አውቶ» ወጥቶ የሹተሩን ፍጥነት ራሱ ወደሚወስንበት ቦታ መዞር አለበት። ይህ ቦታ በካኖን ላይ «ቲቪ» በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈ ሲሆን (ከቴሌቪዥን ጋር ግንኙነት የለውም)፣ በኒኮንና በሶኒ ላይ «ኤስ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያም 1/1000 ላይ አድርጎ መተው ነው። ለሕፃናት ጨዋታ 1/640 ይበቃል። ከዚያ በታች ግን አይውረዱ።

ቀጥሎ አይኤስኦ የሚባለው አለ። በፊልሙ ዘመን ኤኤስኤ ይባል የነበረው፣ የፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅም ማለት ነው። ያን ጊዜ ካሜራው ውስጥ የገባው ፊልም 100 ከሆነ እስኪያልቅ ድረስ 100 ነው፤ አሁን በየፍሬሙ መለወጥ ይቻላል። ፀሐይ ወለል ብላ በወጣችበት ቀን፣ አይኤስኦ 200፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 5.6 ሆኖ ሹተሩ 1/1600 መድረስ ይችላል። ሰማዩ ሲጠቁር ወይም ሲመሽ ለዚያው ፎቶ 800፣ ከዚያም 1600 ያስፈልጋል። ለጀማሪ የሚቀለው አይኤስኦውን «አውቶ» ላይ አድርጎ ከ3200 እንዳያልፍ ወሰን ማበጀት ነው። ከፍ ሲል ፎቶው ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስል ነገር ይመጣል። ይህን ፈርተው አይኤስኦውን ዝቅ አድርገው የሚያነሱ አሉ፤ የተሳሳተ ቁጠባ ነው። አሸዋ ያለበት ፎቶ በትንሽ መጠን ሲታተም እምብዛም አይታወቅም። የተድበሰበሰ ፊት ግን በምንም አይድንም።

በሐይቅና በውጫሌ ይህ ጉዳይ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ከነዕረፍቱ የሚያልቀው 11 ሰዓት ከ45 አካባቢ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል፤ ምዕራቡ በተራራ በተጋረደ ሜዳ ላይ ገና ሳይመሽ ጥላው ሜዳውን ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው አጋማሽ ፎቶ ጥሩ ሆኖ የሁለተኛው የሚበላሸው በዚህ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ከመጠጣት በፊት አንድ ፎቶ አንስቶ አይኤስኦው ስንት እንደደረሰ ማየት ይጠቅማል።

የፎከሱ አሠራርም መለወጥ አለበት። «ዋን ሾት» የሚለው አንዴ ይይዝና ይቆልፋል፤ ልጁ ግን ጥሎት ይሄዳል። በካኖን «ኤአይ ሰርቮ»፣ በኒኮን «ኤኤፍ ሲ» የሚባሉት ቁልፉን በግማሽ ተጭነው እስከያዙ ድረስ ተጫዋቹን ይከተላሉ። ከፎከስ ነጥቦቹ የመካከሉን ብቻ መርጠው ደረቱ ላይ ያሳርፉ። ሁሉንም ነጥብ ክፍት ከተዉት ካሜራው ከኋላ ያለውን ተመልካች ሊመርጥ ይችላል።

በተከታታይ ማንሳት ጥሩ ነው፤ ግን አይመኩበት። በሴኮንድ 3 ፍሬም የሚያነሳ ካሜራ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል በኃይል የተመታች ኳስ 8 ሜትር ትሄዳለች። ስለዚህ እግሩ ኳሷን ከመንካቱ ጥቂት ቀድሞ መጫን ያስፈልጋል። መስታወት ባለው ካሜራ መመልከቻ ውስጥ ግጭቱን በዓይንዎ ካዩት አልተነሳም፤ በሚነሳበት ቅጽበት መስታወቱ ተነስቶ መመልከቻውን ይጋርደዋልና።

የት ይቆማል?

ብዙዎች በጎን መስመሩ መሐል ይቆማሉ። ከዚያ የሚገኘው የጀርባና የጎን ፎቶ ነው። የሚሸጠው ግን ፊት ነው። ፊት የሚገኘው ደግሞ ከጎሉ ጀርባ፣ በቋሚውና በማዕዘኑ ባንዲራ መካከል፣ ከመስመሩ ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ብለው ሲቀመጡ ነው። አጥቂው ወደ እርስዎ እየሮጠ ይመጣል። በጉልበትዎ ቢንበረከኩ ልጁ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከኋላው ያለው አቧራማ መሬትም ይቀንሳል። ቡድኖቹ በዕረፍት ጎል ስለሚቀያየሩ እርስዎ ቦታ መቀየር አያስፈልግዎትም። በአንዱ ጎል ተቀምጠው የሁለቱንም ማጥቃት ያገኛሉ፤ ሁለቱም ገዥ ናቸው።

ከሁለቱ ጎሎች የሚመረጠው ፀሐይ ከጀርባዎ የምትሆንበት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሆነ በምዕራብ በኩል፣ ጠዋት ከሆነ በምሥራቅ በኩል። ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ሰዓት ፀሐይዋ ባለችበት በኩል ወዳለው የማዕዘን ባንዲራ ጠጋ ይበሉ።

የጠቆረ ፊት ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ካሜራው ብርሃንን የሚለካው ፍሬሙን በሙሉ አማካይ አድርጎ ነው። በበጋ ሣሩ አልቆ ነጭ አቧራ የሆነ ሜዳ፣ በዚያ ላይ ነጭ ማሊያ ሲጨመር ካሜራው ብርሃን በዝቷል ብሎ ሁሉንም ያጠቁረዋል። ጥቁር ፊት ያለው ልጅ ዓይኑና አፉ ሳይለይ ይቀራል። መድኃኒቱ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ፣ ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ማድረግ ነው። ማሊያው ትንሽ ቢነጣም ግድ የለም፤ ገዥው ማሊያውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚያየው። በቀትር ፀሐይ ግን ይህም አይበቃም። ከአናት የምትወርደው ፀሐይ ግንባሩን አብርታ ዓይኑን በጥላ ስለምትሸፍነው፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚደረግ ጨዋታ ጥሩ ገቢ አይጠበቅበትም።

አቧራ ባለበት ሜዳ ላይ ሌንስ አይቀየርም። ለዝናብ የስኳር ፌስታል ቀዶ ማልበስ ይበቃል። ሁለተኛ ባትሪ ግን የግድ ነው፤ የ2000ዲ ባትሪ በአንድ ሙሌት 500 ያህል እንዲያነሳ የተሠራ ሲሆን መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያልሞላ ባትሪ ይዞ መውጣት አለ።

ሒሳቡ

ለስሌት እንዲመች ካሜራውና ሌንሱ 40,000 ብር ወጣባቸው እንበል። ከአንድ የታተመ ፎቶ የኅትመት ወጪ ተቀንሶ 40 ብር ቢተርፍ፣ ገንዘቡ የሚመለሰው 1,000 ፎቶ ሲሸጥ ነው። ሜዳ ላይ ከሚሰለፉት 22 ተጫዋቾች ግማሹ አንድ አንድ ፎቶ ቢገዛ ከአንድ ጨዋታ የሚገኘው 440 ብር ነው። እንግዲህ ዘጠና አንድ ጨዋታ ያስፈልጋል ማለት ነው። በአንድ ክረምት ይህን ያህል ጨዋታ የሚያነሳ ሰው ያለ አይመስለንም። ስለሆነም ከኳስ ብቻ ካሜራ ይመለሳል ብሎ መበደር አይመከርም። ኳሱ ደንበኛ የሚያመጣ ሥራ ነው። ጥሩ ፎቶ የደረሰው ተጫዋች ወንድሙ ሲያገባ ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። መጥፎ የደረሰውም ያውቃል።

ከጨዋታው ፎቶ ይልቅ በብዛት የሚሸጡት የቡድን ፎቶና የዋንጫ ርክክብ ናቸው። ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ 3ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ፣ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ፎቶ የጎሎቹ አይደለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ሲሰጡ የሚያሳየው ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፊልም 36 ፎቶ ብቻ ስለነበረው በ90 ደቂቃ ጨዋታ ለሁለት ደቂቃ ተኩል አንድ ፎቶ ይደርሳል፤ አንሺው ለርክክቡ የሚሆን ማስቀረት ነበረበት። አሁን ያ ችግር የለም። ይሁንና ርክክቡ የሚደረገው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ስለሆነ 1/1000 ላይ እንደተተወ ከተነሳ ይጨልማል። ሰዎቹ ቆመው ስለሚገኙ ሹተሩን ወደ 1/250 ዝቅ ማድረግ ነው።

የቡድን ፎቶ ደግሞ ከጨዋታው በፊት፣ ማሊያው ሳይቆሽሽ ይነሳል። ለዚህም ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሜዳ መድረስ፣ ከአዘጋጆቹ የፈቃድ ወረቀት ይዞ መገኘትና ከሁለቱ አምበሎች ጋር ዋጋ መነጋገር ያስፈልጋል። የሕፃናት ውድድር ከሆነ የወላጅ ወይም የመምህር ፈቃድ ይጠየቃል። ከጨዋታው በኋላ እናነሳለን ብለው ከተስማሙ ያሸነፈው ቡድን ይቆምልዎታል፤ የተሸነፈው ግን ቀብድ ካልከፈለ በቀር ልብሱን ሳይቀይር ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።